ጥሩ የሸክላ ብሩሽ በምን ይታወቃል?

የሙዚቃ ሸክላ ብሩሽ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው ሁሉም አንድ ስለሚመስሉት ነው። ጥቁር ፀጉር፣ ብርማ እጀታ፣ ትንሽ ካርቶን። ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ሻጩ አንዱን አንስቶ ሸክላ ላይ ያሳልፈውና ፀጉሩ ላይ የተንጠለጠለውን አቧራ ያሳያል፤ ገዢውም "ይሄማ ጎበዝ ነው" ብሎ ይከፍላል። የተሳሳተው ሚዛን ይኸው ነው። አቧራ ፊቱ ላይ መሰብሰብ የትኛውም ብሩሽ ይችላል። ከባዱ ሥራ የሰበሰበውን ይዞ ከሸክላው ላይ መነሳት ነው። ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ አቧራውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያዛውሩታል እንጂ አያነሱትም፤ የፀጉሩም፣ የእጀታውም፣ የአሠራሩም ጥራት የሚለየው በዚህች ቅጽበት ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ለመረዳት ድምፁ የተቀረጸበትን ቦይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1948 እ.ኤ.አ. በደቂቃ 33⅓ ዙር የሚዞረውን የቪኒል ሸክላ ይዞ ሲመጣ፣ አንድ ገጽ ላይ ሃያ ደቂቃ የሚደርስ ሙዚቃ ማስፈር የተቻለው የድምፁ ቦይ ከቀድሞው እጅግ ስለጠበበ ነው። የቦዩ አፍ ስፋት ወደ 0.05 ሚሊሜትር ይጠጋል። ከብዙ ሰው ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። በዚህ ቦይ ውስጥ የሚሄደው መርፌ የሚጫነው ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ብቻ ቢሆንም፣ የሚያርፍበት ነጥብ ከመጠን በላይ ትንሽ ስለሆነ በዚያች ነጥብ ላይ ያለው ግፊት ከባድ ነው። መንገዱ ላይ ደረቅ የአቧራ ቅንጣት ካገኘ ገፍቶ ከለስላሳው የቪኒል ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ያን ጊዜ ቅንጣቱ ቢነሳ እንኳ የፈጠረው ጠባሳ ይቀራል፤ "ጠቅ" የሚለው ድምፅ የሸክላው አካል ይሆናል።

ሁለተኛው ጠላት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ቪኒል ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከወረቀት ሽፋኑ ውስጥ ተፈትጎ ሲወጣ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙል የሚፈስበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ እዚያው ተቀምጦ በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ይስባል። አየሩ በደረቀ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት ሸክላ የሚያጫውት ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ሸክላው ከሽፋኑ ሲወጣ የክንድን ፀጉር ያስነሳል፣ አንዳንዴም ጣት ላይ ይቆነጥጣል። ብዙ ቤት የሚደረገው በደረቅ ጨርቅ የመወልወል ልማድ እዚህ ላይ ጉዳቱ ድርብ ነው። ፍትጊያው አዲስ ሙል ይጨምራል፣ ጨርቁ ደግሞ የራሱን ብናኝ ይተዋል። የናይለን ፀጉር ያለው ተራ ብሩሽም ከዚህ አይሻልም።

የካርቦን ፋይበር ብሩሽ የተወደደው ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ስለሚጋፈጥ ነው። የአንዱ ክር ውፍረት ከ7 እስከ 10 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ቦዩ 50 ማይክሮን ከሆነ ክሩ ያለ ችግር ይገባል። ከዚህም በላይ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ያ ሙል ከሸክላው በክሩ፣ ከክሩ በእጀታው፣ ከእጀታው በያዘው ሰው እጅ በኩል ይወርዳል።

ይወርዳል የተባለው ግን መንገዱ ካልተቆረጠ ነው። ብዙ ርካሽ ብሩሾች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ በዓይን ብቻ ደግሞ አይታወቅም። እጀታው አሉሚኒየም ስለሆነ ብቻ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ማለት አይደለም። አሉሚኒየም ውብ ሆኖ እንዲያብረቀርቅና እንዳይጫጫር አኖዳይዝ ሲደረግ ላዩ የሚለብሰው የኦክሳይድ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀለምም እንዲሁ። ክሮቹ የተተከሉበት ማጣበቂያም መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ማረጋገጫው ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ ያለው ቴስተር ነው። አንዱን ጫፍ ክሮቹ መሐል በስሱ ማስገባት፣ ሌላውን እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ መንካት፣ ከዚያ ንባቡን ማየት ብቻ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ብሩሹ አቧራ ይጠርግ ይሆናል፣ ሙል ግን አያወርድም። ኦዲዮክዌስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በወርቅ የተለበጡ መገናኛ ነጥቦች እጀታው ላይ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ጣት እነዚያን ነጥቦች ሲነካ መንገዱ ይሟላል። ይህን የማያውቅ ተጠቃሚ ነጥቦቹ ለጌጥ መስለውት ሌላ ቦታ ይዞ ሲጠርግ ይኖራል።

ቴስተር ለሌለው ሰው ደግሞ ቁራጭ ሶፍት ይበቃል። ሸክላው ከሽፋኑ እንደወጣ ሶፍቱን ማስጠጋት፤ ከተሳበ ሙል አለ። ከጠረጉ በኋላ እንደገና ማስጠጋት፤ አሁንም በዚያው ጉልበት ከተሳበ ብሩሹ ሥራውን አልሠራም።

ቀጥሎ የሚታየው ፀጉሩ ነው። ደህና አጉሊ መነጽር ያለው ሰው ጫፎቹን ይመልከት። በጥሩ ብሩሽ ክሮቹ በአንድ ቁመት ተቆርጠዋል፣ ረድፉ ውስጥ ክፍተት የለም፣ ሁለትና ሦስት ሆነው በሙጫ የተያያዙ ክሮች አይታዩም። በመጥፎው ግን አንዳንዱ ክር ረዝሞ ወጥቷል፤ ያ የረዘመው ክር ብቻውን ሸክላውን ይጭራል፣ ሌሎቹ ከላይ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። መነጽር ባይኖርም ሌላ ፈተና አለ። ብሩሹን ነጭ ወረቀት ላይ ይዞ ፀጉሩን በእጀታው ጠርዝ ደጋግሞ መንጨር ነው። አዲስ ብሩሽ ጥቂት ክር ቢጥል አይገርምም። በየጊዜው ጥቁር ስብርባሪ የሚያራግፍ ከሆነ ግን መተው ይሻላል፤ ካርቦን ከቪኒል ስለሚጠነክር፣ ቦይ ውስጥ የቀረች ስባሪ ከአቧራው የባሰች ናት። ጣትን ፀጉሩ ውስጥ ከቶ ልስላሴውን መፈተን ግን አይገባም። የቆዳ ቅባት ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ሸክላው ይሄዳል። በደንብ የታሰበባቸው ብሩሾች እጀታ ዞሮ ፀጉሩን እየነጨረ የሚያልፈው ማንም በጣቱ እንዳያራግፈው ነው።

ካርቦን ብቸኛው መልስ አይደለም። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሙዚቃ ወዳድ ቤት ሁሉ የሚታወቀው ዲስክዋሸር ነበር። የዋልነት እንጨት እጀታና ከሥሩ የከፋይ ጨርቅ ያለው ሲሆን በጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ይሠራል። የከፋዩ ምሥጢር ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን መተኛቱ ነው። በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ አቧራውን ይነክሳል፣ በተቃራኒው ሲሄድ ይለቃል፤ እጀታው ላይ ያለው ቀስት ይህን ያመለክታል። ዛሬ ከፋይ ያለው ብሩሽ የሚገዛ ሰው ጣቱን በስሱ በጨርቁ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ቢያንሸራትት ልዩነቱ ይሰማዋል። በሁለቱም ወገን እኩል ከለሰለሰ ተራ ከፋይ ነው፣ አቧራን ከመያዝ ይልቅ ያንከባልላል። አሮጌ ዲስክዋሸር ያገኘ ሰው እንጨቱ እንዳያታልለው፤ እጀታው ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ ጨርቁ ግን ከተላጠ ወይም የድሮ ፈሳሽ ደርቆበት ከጠነከረ ዋጋ የለውም።

የፍየል ፀጉር ብሩሽ ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ሙል አያወርድም፤ በልስላሴ ግን ብዙ ሰው ሠራሽ ክር አይወዳደረውም። ጥራቱን ለመለየት በጃፓን ሂሮሺማ አውራጃ ባለችው በኩማኖ ከተማ የሚገኙ ብሩሽ ሠሪዎችን ልማድ መመልከት ይጠቅማል። እነሱ ለጽሕፈትም ለመዋቢያም ብሩሽ ሲሠሩ የፀጉሩን ጫፍ አይቆርጡም። ተፈጥሮ ያሾለችው ጫፍ ወደ ውጭ እንዲሆን ደርድረው ከሥሩ በኩል ብቻ ያስተካክላሉ። ያልተቆረጠ ጫፍ እየቀጠነ ሄዶ ያልቃል፤ በመቀስ የተከረከመው ግን ድፍን ነው፣ ከቦዩ አፍ ላይ ይቀራል። የፍየል ፀጉር የሸክላ ብሩሽም በዚሁ ዓይን ይታይ። ፊቱ እንደ ምንጣፍ ፍጹም ደልዳላ ከሆነ የተከረከመ ነው።

እንግሊዛዊው ሴሲል ዋትስ በ1950ዎቹ የሠራው ደስት በግ፣ በትንሽ ክንድ ላይ ሆኖ ሸክላው እየተጫወተ ሳለ ከመርፌው ጎን የሚጠርግ ነበር። ሐሳቡ ብልህነት አለው። ይሁንና ሰው ፈሳሽ ሲያበዛበት አቧራውን ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። ከፋይንና ካርቦንን አንድ ላይ ያጣመረው የእንግሊዙ ሀንት ኢዲኤ እስካሁን ተወዳጅ ነው፤ የካርቦኑ ረድፍ ከቦዩ ያወጣውን መሐል ያለው ከፋይ ይይዘዋል። ለአንድ ብሩሽ ብቻ ገንዘብ ላለው ሰው ይህ ዓይነት ጥምር ይመረጣል፣ ምክንያቱም የካርቦን ብሩሽ ዋና ድክመት አቧራውን ይዞ አለመቆየቱ ነው።

ስፋትም ይታሰብበት። ትልቁ ሸክላ ላይ ሙዚቃ ያለበት ክፍል ከዳር እስከ መሐል 9 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ብሩሾቹም በዚያ ልክ ይሠራሉ። የኢትዮጵያ ሸክላ ሰብሳቢ ግን አብዛኛው ሀብቱ ባለ 45 ዙሩ ትንሹ ሸክላ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማህበር በነበረበት ዘመን ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር በድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ሥራ ነበር የከፈተው፤ እስከ 1975 ድረስ ካወጣቸው ከመቶ በላይ የሚሆኑት እነዚህ ትንንሽ ሸክሎች ናቸው። አሁን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላ መግዛት ቀላል አይደለም። በትንሹ ሸክላ ላይ ሙዚቃ ያለበት ክፍል ወደ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ሰፊ ብሩሽ ይተርፈዋል። የተረፈው ከዳር ወጥቶ ከተንጠለጠለ የማጫወቻውን ምንጣፍ አቧራ ለቅሞ ወደ ቦዩ ያመጣል። ስለዚህ ለእነዚህ ጠባብ ብሩሽ ቢገዛ ይመረጣል፤ ከሌለም ትርፉ ወደ መሐል፣ ወደ ወረቀቱ ምልክት በኩል ሆኖ ትንሽ ከፍ ይበል።

የእጅ አያያዝም ከብሩሹ አይለይም፤ ብሩሽም ሲሸጥ በዚሁ አያያዝ መፈተን አለበት። ሸክላው እየዞረ ብሩሹ ከዳር እስከ መሐል ያለውን በሙሉ ሸፍኖ፣ የፀጉሩ ጫፍ ብቻ እንዲነካ ተደርጎ ሁለት ወይም ሦስት ዙር በቦታው ይቆማል። በላስቲክ ቀበቶ የሚነዳ ማጫወቻ ፍጥነቱ ከቀነሰ እጅ ከብዷል ማለት ነው። በእነዚህ ዙሮች አቧራው ከፀጉሩ ፊት ቀጭን መስመር ሆኖ ይሰለፋል። ቀጥሎ ብሩሹ ቀስ ተብሎ ወደ ኋላ ይጋደምና፣ ሸክላው እየዞረ ሳለ ከፊቱ ያለውን መስመር ይዞ ይነሳል። አንዳንዱ ወደ ዳር እየሳበ ማውጣትን ይመርጣል፤ ያም ይሠራል፣ ብሩሹ በጣም በዝግታ እስከሄደ ድረስ። የጠረጴዛ መብራት ዝቅ አድርጎ በሸክላው ላይ በሰያፍ ማብራት ነው ከዚያ የሚቀረው። በሰያፍ ብርሃን ሥር ምንም ነገር አይደበቅም። ጥሩ ብሩሽ የተነሳበት ቦታ እንደሌላው ጥቁርና ንጹሕ ነው። መጥፎው ግን የተነሳበትን ቦታ በአቧራ መስመር ፈርሞ ይሄዳል።

ብሩሽ ከደረቅ አቧራ ያለፈ ነገር አይጠየቅም። የጣት አሻራ፣ በክረምት የሚወጣ ሻጋታ፣ የፈሰሰ መጠጥ በደረቅ ብሩሽ ቢታሽ ይዘረጋል እንጂ አይጠፋም፤ የሚያስፈልገው በተጣራ ውሃ የሚሠራ እጥበት ነው። አልኮል ያለበት ማጠቢያ ደግሞ ለቪኒል እንጂ ለአሮጌዎቹ የ78 ዙር ሸክሎች አይሆንም፤ እነሱ የተሠሩበት ሼላክ በአልኮል ይሟሟል።

ብሩሹ ከተገዛ በኋላም ፈተናው አያበቃም። አንድ ገጽ ተጫውቶ ሲያልቅ መርፌው ጫፍ ላይ ግራጫ ብናኝ ተጠቅልሎ ከተገኘ፣ ብሩሹ ያለፈውን መርፌው ሰብስቦታል ማለት ነው። መርፌው ለእሱ በተሠራች ትንሽ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ይጠረግ፤ ወደ ጎን ከተነካ የመርፌው ዘንግ ሊሰበር ይችላል። በሚቀጥለው ገጽ፣ በሌላም ሸክላ ላይ ያው ብናኝ ከተመለሰ፣ ብሩሹን ከመለወጥ በፊት የሸክላው የውስጥ ወረቀት ይታይ። ያረጀ ወረቀት ራሱ እየተላጠ ሸክላው በወጣና በገባ ቁጥር ይበንናል፤ አዲስ የፕላስቲክ ገበር ያለው የውስጥ ሽፋን ደግሞ ከማንኛውም ደህና ብሩሽ ይረክሳል።