የሉድሎ ተማሪዎችና እኛ

«ክራሽ» የተባለውን አሮጌ የእንግሊዝ መጽሔት ሰሞኑን በኮምፒዩተር ገለጥነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሉድሎ ከምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ መውጣት ጀመረ። ለንደን አይደለም እኮ! «ስፔክትረም» በሚባለው የቤት ኮምፒዩተር ስለሚሠሩ ጨዋታዎች ይጽፍ ነበር፤ ከሐያሲዎቹም መካከል የዚያችው ከተማ ተማሪዎች ነበሩበት። አንዱን ጨዋታ ሦስት ሆነው ይተቹታል፤ አንዱ ያወደሰውን ሌላው ቢጥለው ሁለቱም ይታተማል።

እንከን የለበትም አንልም። በስተመጨረሻ እንደ ፈተና ወረቀት በመቶኛ ማርክ ይሰጣል፤ ሰነፍ አንባቢ ማርኩን አይቶ ጽሑፉን ይዘላል። አሳታሚዎቹም ጨዋታ በፖስታ ይሸጡ ነበርና፣ ነጋዴም ዳኛም መሆን ያጠራጥራል።

ታዲያ እኛስ? እንጅባራ ላይ በጥር 23 የፈረስ በዓል፣ ስለ ጋላቢው ለመፍረድ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ዶሮ ከአሳዳጇ የምታመልጥበት፣ አዲስ አበባ የተሠራው የስልክ ጨዋታ «ኩኩሉ» እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ግን ዶሮዋን ስናስሮጥ ከረምን እንጂ አንዲት መስመር አልጻፍንም። ልጆች ነበርን እንዳንል የሉድሎዎቹም ልጆች ነበሩ። ዛሬስ ምን ከለከለን?

ሂስ የዋና ከተማ ርስት አይደለም። ለሚቀጥለው እትም ስለ አንድ ጨዋታ ሦስት ሂስ ከእንጅባራም ከዳንግላም እንጠብቃለን። ማርክ ግን አንቀበልም!