ኧረ የአጣጥን ማቆያ ስሙልኝ!

ሰሞኑን ይህን ነገር ጁባ ውስጥ ያልነገርኩት ሀበሻ የለም። ሆቴል ቤቱ ሰምቷል፣ ጋራዡ ሰምቷል፣ እዚህ ረጃፍ ያሉት ጎረቤቶቼማ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረዋል። ምን ላድርግ? እንዲህ ያለ ነገር አፍኖ ይዞ ማን ይችላል!

ጉራጌ ውስጥ፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ የካቶሊክ ሲስተሮች ያቋቋሙት አጣጥ ሆስፒታል አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግቢያቸው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ከፈቱ። ማሽን አይደለም፣ መድኃኒት አይደለም፣ ቤት ነው! ወሊዷ ያስቸግራል ተብሎ የተሰጋላት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ ስንቋን ይዛ ትመጣለች፤ እያበሰለች፣ ከመሰሎቿ ጋር እየተጫወተች ትቆያለች። ምጥ ሲጀምራት አዋላጇም ቀዶ ጥገናውም እዚያው ግቢ ናቸው። በቃ፣ ይኸው ነው!

ውጤቱን ደግሞ ስሙ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. እዚያ ከተመዘገበው 24,148 ወሊድ 6,805ቱ በማቆያው የቆዩ እናቶች ናቸው። የእናቶች ሞት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ፣ ማቆያ በቆዩት 90 ገደማ፣ በቀጥታ በመጡት 1,333! ሞተው የተወለዱት ከ1,000 ወሊድ 18 ገደማ፣ በሌላው ወገን 191። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገር ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸው፤ ንጽጽሩ እኩል ለእኩል አይደለም። ግን እኮ ነገሩ ይኸው ነው! ማቆያው ያስቀረው ያንን በቃሬዛ ከምጥ ጋር የሚደረግ ሩጫ ነው።

እኔን ልቤን የወሰደው ግን ማብሰያው ነው። ሴት ቤቷ መውለድ የምትመርጠው ስለማታውቅ ብቻ ይመስለናል። ቤቷ እኮ እሳት አለ፣ እናቷ አለች፣ «ማርያም ማርያም» የሚሉላት ጎረቤቶች አሉ። ጤና ተቋም ስትሄድ ይህ ሁሉ በር ላይ ይቀራል። ኋላ በየጤና ጣቢያው ማቆያ ሲሠራ ይህ የገባቸው ሰዎች ገንፎውንና ቡናውን አብረው አስገቡ። ከማዋለጃ ክፍሉ አጠገብ ገንፎ የሚገነፋበት ቦታ ያሰበ ሰው፣ ለእኔ ከስንት አርክቴክት ይበልጣል!

አርክቴክቶቹም ቢሆኑ ነቅተዋል። ማስ ዲዛይን ግሩፕ ማላዊ፣ ካሱንጉ ላይ በሠራው ማቆያ ረጅሙን አዳራሽ ትቶ ትንንሽ ቤቶችን በጋራ ግቢ ዙሪያ ሰበሰበ፤ ሴቶቹ ውጭ ተቀምጠው የሚያወጉበት፣ አንዷ ከሌላዋ የምትማርበት መንደር ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ እናት የመረጠችው ሰው በምጧ ጊዜ አብሯት ይሁን ይላል፤ አይዞሽ ባይ ከጎኗ ያልተለያት ሴት ምጧ እንደሚያጥር በጥናት ታይቷል። ቆማ፣ ወዲያ ወዲህ ብላ የምታምጥ ሴትም የመጀመሪያው የምጥ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ ይቀንስላታል። እንግዲህ አስቡት፦ የአስታማሚ በርጩማ፣ መጋረጃ፣ መንቀሳቀሻ የሚሆን ባዶ ወለል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ስንት ብር ያስፈልጋል?

ይህች የምንኖርባት ደቡብ ሱዳን በ2020 በተሰላው ግምት የእናቶች ሞት ከዓለም የከፋባት አገር ነበረች፤ 1,223 ከ100,000። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሳይቀር ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ክሊኒክ ሊተክል የሚመጣ ለጋሽ ሁሉ እባካችሁ ይህን ይስማ፦ ከአልጋው በፊት ጥላው የሰፋ ማንጎ ይፈለግ፣ ከሥሩ ማቆያው ይሠራ፣ ማብሰያው እንዳይረሳ። ገንፎ ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ፤ የዚህ አገር ሴቶች የሚያገነፉት አሲዳ ያው ገንፎ ነው!