ደብተራው ስክሪን ላይ ለምን ሁልጊዜ ጠንቋይ ይሆናል?

እስቲ ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። በአማርኛ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ላይ ያያችሁትን አንድ ደብተራ አስታውሱ። ምን እያደረገ ነው? ልገምት፦ ጨለምለም ያለ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ፊቱ ብራና ተዘርግቷል። አንዲት ሴት ገብታ ገንዘብ ታስቀምጣለች፤ ባሏ ከሌላ ሴት ጋር እንዲጣላላት ፈልጋ ነው የመጣችው። ደብተራው የሆነ ነገር ያጉተመትምና ክታብ ይሰጣታል። ትወጣለች። እሱንም ከዚያ በኋላ አናየውም።

ይህንኑ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሳቀርበው ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ የሁሉም መልስ አንድ ዓይነት ነዋ። አንድ ጊዜ ግን ያልሳቀ ልጅ ነበር። ጋይንት ውስጥ ዜማ ሲማር ቆይቶ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገባ ነው። «እኔን ያስተማሩኝ የኔታ ደብተራ ናቸው» አለ። «ሲያስተምሩ እንጂ መተት ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። አዲስ አበባ ስመጣ ግን ቤት ስከራይ የአብነት ተማሪ ነበርኩ ማለት ተውኩ፤ አከራዮቹ ይፈሩኛል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አያችሁ፣ ድራማ ድራማ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሆነ ሰው ቤት እስከመከራየት ድረስ ተከትሎት ይሄዳል።

ውክልና ምንድን ነው?

በባህል ጥናት ውስጥ ውክልና የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለ። ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ያስተማረው ስቱዋርት ሆል በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀው መጽሐፍ ነገሩን በሰፊው አስረድቷል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ስክሪን መስታወት አይደለም። ከብዙ ነገር መካከል ጥቂቱን መርጦ ያሳያል፣ ሌላውን ይተዋል። የተመረጠው ሲደጋገም ደግሞ ተመልካቹ «ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ይቀበለዋል።

ስለዚህ የደብተራው ምስል ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ክታብ የሚጽፍ ደብተራ አለ፤ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ አስረስ ስለተባለ አንድ ባለሙያ ሕይወት በ1988 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አሳትሟል። ነገር ግን ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የተባለችው የሙዚቃ ተመራማሪ እንዳሳየችው የደብተራ ሥራ ብዙ ገጽ አለው። ደብተራ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ማኅሌት የሚቆም፣ ዜማ የሚያውቅ፣ የሚያስተምር ሊቅ ነው። ክህነት ባይኖረውም ያለ እሱ የበዓል ሌሊት አይነጋም። የእኛ ስክሪን ከእነዚህ ሁሉ ገጾች አንዱን ቀዶ ወሰደና መጽሐፉ ይኸው አለን።

ከሣር ክዳኑ ሥር

የቀሩት ገጾች የት አሉ ካላችሁ፣ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም እንሂድ።

በ1955 (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ፓክናም የተባለ ወጣት ተጓዥ እዚያ ደርሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲታይ በአካባቢው እንዳሉት ሌሎች ክብ ሣር ክዳን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ከክዳኑ ሥር ሌላ ሕንፃ አገኘ፦ ባለአራት ማዕዘን፣ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ፣ እጅግ የቆየ ቤተ ክርስቲያን። ይህንን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፎታል። ለአካባቢው ሰውና ለተማሪዎቹ ግን አዲስ ግኝት አልነበረም። ሲኖሩበት ነበር።

የቤተ ልሔም ትልቁ ስም ግን በሕንፃው ሳይሆን በድጓው ነው። ድጓ በትውፊት የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ለሆነው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ፣ የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚያዳርስ የዜማ መጽሐፍ ነው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይከፈላል። ከፊደሎቹ በላይ እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ድፋት ያሉ ምልክቶች ይጻፋሉ። የዜማው አካሄድም ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ በየቦታው ይለያያል፤ ከሁሉም የተስፋፋው የቤተ ልሔሙ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ድጓ የተማረ ሰው «ተምሬያለሁ» ብሎ ብቻ አይቀመጥም። ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። እዚያው ጋይንት ውስጥ ያለው ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው።

እስቲ ይህንን በዘመናችን ቋንቋ አስቡት። ለዓመታት የሚዘልቅ ትምህርት ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ይበላል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ ማታ ማታ የቀን ትምህርቱን በቃሉ ይደግማል። በመጨረሻም መምህር ፊት ቆሞ ይፈተናል። ውድድር አለው፣ ቅናት አለው፣ ጓደኝነት አለው፣ መውደቅ አለው። የድራማ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ታዲያ ስክሪኑ ምን ወሰደ? ደበሎውን።

ማተብ እንደ አልባሳት

ችግሩ የደብተራ ብቻ አይደለም። በድራማዎቻችን ውስጥ ሃይማኖት አብዛኛውን ጊዜ የአልባሳት ክፍል ሥራ ነው። አንዲት ገጸ ባሕርይ ጨዋ መሆኗ እንዲታወቅ ማተብ ታስራለች፣ ነጠላ ትለብሳለች። ሙስሊሙ ጎረቤት ኮፍያ ያደርጋል፣ በዒድ ቀን ብቅ ብሎ «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎ ይመለሳል። ቄሱ ለሽምግልና ይጠራሉ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ መስቀል ያሳልማሉ።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ ያምናሉ ተብሎ ተነግሮናል። እምነታቸው ግን ምንም አያስደርጋቸውም። ከምንም ነገር አያግዳቸውም፣ ምንም አያስከፍላቸውም።

ለዚህ እኔ የምጠቀምበት ቀላል መፈተኛ አለኝ። ሃይማኖቱን ከታሪኩ ውስጥ አውጡት። ታሪኩ ሳይነካ ከቀጠለ፣ ያያችሁት ልብስ ነበር። ታሪኩ ከፈረሰ፣ ያያችሁት እምነት ነው።

እስቲ በሥራዎች ላይ እንሞክረው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የስእለት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል። ስእለቱን አውጡት፤ ከሰብለ ወንጌል ጋር ያለው ፍቅር የመደብ ልዩነት ብቻ ይሆናል፣ የልጁ የውስጥ ጭንቀት ይጠፋል። ጉዱ ካሣም ቢሆን ሥርዓቱን የሚሞግተው ከውጭ መጥቶ አይደለም፤ በአገሩ ወግና ቋንቋ፣ ውስጡ ቆሞ ነው። ሐዲስ ራሳቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ስለነበሩ ነገሩን ያውቁታል።

ወደ ፊልም ስንመጣ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» አለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጎበዜ የሰምና ወርቅ ተማሪ ነው። የተነጠቀችውን ፍቅረኛውን ፍለጋ መጥቶ ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛል። አማርኛ ፊልም የቅኔ ተማሪን አጃቢ ሳይሆን ባለታሪክ ማድረጉ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከጀርመን የተመለሰውን ምሁር አንበርብርን ጠበል ውስጥ ያስገባዋል። ፊልሙ በጠበሉ አይሳለቅም፣ ስብከትም አያደርገውም። የተማረው ሰው ሕመምና የእናቱ እምነት ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ፍርዱ ለእኛ ተትቷል።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) ካን ፌስቲቫል ላይ የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ግን ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉም ይቀርባል። ኤፍሬም እናቱ የሞተችበት ትንሽ ልጅ ነው፤ እናቱ ቤተ እስራኤል ነበረች። አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት ይሄዳል። አጎቱ የልጁን በግ ለበዓል ሊያርደው ይፈልጋል። ኤፍሬም ደግሞ ወንድ ልጅ ሆኖ ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ አጎቱ በዚህ ያፍርበታል። በዓሉን አውጡት፤ ፊልሙ የለም። እዚህ ላይ በዓል ከበሮና ነጭ ልብስ ብቻ አይደለም፤ አንድ ልጅ የሚወደውን ነገር የሚያጣበት ቀን ነው። ያም ሆኖ ፊልሙ በዓሉን አያዋርደውም። በመንደሩ ልማድ ውስጥ ልኩን ያላገኘ ልጅ እዚያው መንደር ውስጥ ቦታ እንዲፈልግ ያደርጋል።

ከታይላንድ የመጣ ንጽጽር

ልኩን ያላገኘ ሰውና ሃይማኖት ስል፣ ሩቅ አገር ላይ በስፋት የተሞከረ ነገር አለ። የታይላንድ ቴሌቪዥን ባለፉት ዓመታት በሁለት ወንዶች መካከል ስላለ ፍቅር ብዙ ተከታታይ ድራማ ሠርቶ ለዓለም ሸጧል። እኛ አገር ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚያስቀጣ ስለሆነ እንዲህ ያለ ድራማ አይሠራም። እኔም ያነሳሁት ሃይማኖትን እንዴት እንደያዙት ለማየት ነው፤ ነገሩ ከእኛ ጥያቄ ጋር አንድ ነውና።

በብዙዎቹ ውስጥ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ልክ እንደ እኛ ማተብ ነው፤ ጠዋት ላይ ለመነኩሴ ምግብ ይሰጣል፣ ፀሐይዋ ታምራለች፣ ትዕይንቱ ያልቃል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው «አንቲል ዊ ሚት አጌን» ግን ከዚህ ይለያል። ቤተሰብ ስለከለከላቸው ራሳቸውን ያጠፉ ሁለት ወጣቶች ሌላ ሰው ሆነው ዳግም ይወለዳሉ። ዳግም መወለድን አውጡት፤ ታሪኩ ይፈርሳል። መፈተኛውን አለፈ ማለት ነው።

ከዚያም ጠለቅ ያለ ነገር አለው። ፒተር ጃክሰን የተባለው አውስትራሊያዊ ተመራማሪ እንደጻፈው፣ በታይላንድ ሰፊ እምነት ከተለመደው የወንድና የሴት መስመር ወጥቶ የተወለደ ሰው ባለፈው ሕይወቱ ያመነዘረ ነው፤ አሁን የሚቀበለው የካርማ ዕዳ ነው። እንግዲህ ድራማው ይህንኑ ካርማ ወስዶ ገለበጠው፤ ዳግም መወለድ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ ዕድል ሆነ። ከሃይማኖቱ ሳይወጣ፣ በሃይማኖቱ ቃል ተከራከረ። ጉዱ ካሣም የሚያደርገው ይህንኑ እኮ ነው!

እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ድራማው ፍቅረኞቹን የሚያስተሳስርበት ቀይ ክር ከቻይና ተረት የመጣ፣ በጃፓንም የታወቀ ነው። ታይላንዶች የራሳቸው ክር አላቸው፤ መነኮሳት በእጅ አንጓ ላይ የሚያስሩት ነጭ የቡራኬ ክር። ቀዩ ክር በመላው እስያ ይታወቃልና ለገበያ ይመቻል። ነጩን ክር ግን ማን ያስረዳ? እኛም ዘንድ በየኔታ ፈንታ ጠንቋይ የሚመረጠው ለዚሁ ነው። ጠንቋይ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ድጓ ግን ይፈልጋል።

ታዲያ ምን ይሠራ?

«ድጓ ማን ያያል?» የሚል ፕሮዲዩሰር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ታሪክ በነፃ ልስጥ።

አንድ ተማሪ ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም ይመጣል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያስተማሩት፣ እንደ አባት ያሳደጉት የኔታ አርጅተው አገር ቤት ቀርተዋል። እዚህ ሲደርስ አንድ ቦታ ላይ የእሳቸው ዜማና የቤተ ልሔሙ አይገጥምም። መምህሩ «አስተካክል» ይሉታል። ቢያስተካክል ይመሰክርለታል፣ መምህር ሆኖ ይመለሳል። ግን ተመልሶ የኔታ ፊት ቆሞ እንዴት ያዜመዋል? ተሳስተው ነበር ሊላቸው ነው?

መተት የለም፣ ጢስ የለም፣ ጠላትም የለም። ሁለት የሚወዳቸው ነገሮች ብቻ አሉ፤ ሁለቱንም ግን መያዝ አይችልም። ይህን ለመረዳት ኦርቶዶክስ መሆን አያስፈልግም፤ መምህሩን የወደደ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ድራማ ላይ ደብተራ፣ ቄስ፣ ሼህ ወይም ፓስተር ስታዩ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ስንት ዓረፍተ ነገር ተናገረ? የተናገረው ሌላ ሰው ሊናገረው የማይችለው ነገር ነው? እምነቱስ ምን አስከፈለው? መልሱ «ጥቂት፣ አይደለም፣ ምንም» ከሆነ ያያችሁት ሰው ሳይሆን ልብስ ነው።

ያ ተማሪዬ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። የመመረቂያ ሥራው የአሥር ደቂቃ ፊልም ሆኗል፦ አንድ የኔታ ሕፃን ልጅን አንድ የዜማ ምልክት ሲያስተምሩ። ልጁ ይሳሳታል፣ ያስደግሙታል፤ ይሳሳታል፣ ያስደግሙታል። በመጨረሻ ሲያገኘው የኔታ ምንም አላሉም፤ ወደሚቀጥለው መስመር አለፉ። ክፍል ውስጥ ሲታይ ማንም አልሳቀም።