ስለ ትንሽ ታንክና ስለ ትልቅ እውነት

ሰው ያለፈውን ነገር እንዳይረሳ ብዙ ዓይነት ዘዴ አበጅቷል። አንዱ ይጽፋል፤ አንዱ ይሥላል፤ አንዱ በመሰንቆ ያዜማል፤ አንዱ ሐውልት ያቆማል። ከነዚህም ሌላ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም በጦር ሜዳ የዋለውን ታንክ፣ መድፍና አውሮፕላን መጠኑን አስልቶ እያሳነሱ መሥራት ነው። በአውሮፓና በጃፓን ይህን ሥራ የሚወዱ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የፕላስቲኩን ቍርጥራጭ በካርቶን ገዝተው፣ በማጣበቂያ አጋጥመው፣ ቀለም ቀብተው በመደርደሪያ ያኖሩታል። በእኛ በመቱ ግን ልጆች ከወረቀት፣ ከሽቦና ከጭቃ ይሠሩታል። እኔም ባስተማርሁባቸው ዘመናት በተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ እንደዚህ ያለ ሥራ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ዛሬ ጥቂት ፍርድ ልሰጥበት አስቤአለሁ። የምፈርደውም እጁ ብልህ ነው ወይስ አይደለም ብዬ ሳይሆን፣ ስለ ጦርነቱ እውነቱን ይናገራል ወይስ አይናገርም ብዬ ነው።

አስቀድሞ የሥራውን ሕግ ማወቅ ይገባል። የዚህ ጥበብ ሰዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት አንዱ መጠን አንድ ለ35 ነው፤ ማለት በእውነት 35 ሜትር የሆነው ነገር በአምሳያው 1 ሜትር ይሆናል። የሶርን ፏፏቴ የምታውቅ አንባቢ ሆይ፣ ከፍታው 100 ሜትር ገደማ የሚባለውን ያን ታላቅ ውሃ በዚህ መጠን ብትሠራው፣ ከአንድ ቤት ወለል እስከ ኮርኒሱ የሚደርስ ይሆናል። ቅርጹን ልትይዘው ትችላለህ፤ ድምፁን፣ ጉሙንና አጠገቡ ሲቆሙ የሚመጣውን ፍርሃት ግን ልታሳንሰው አትችልም። ይህን ነገር በልብህ ያዝልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

የዚህን ጥበብ ጥቅም ለማሳየት ከራሳችን ታሪክ አንድ ምሳሌ አመጣለሁ፤ ዓመቶቹንም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጊና ማለፊያ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተጋጠመ። ከኢጣልያኖቹ ጋር ትንንሽ ታንኮች ነበሩ። የእኛ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጠመንጃና ጎራዴ ብቻ የያዙ፣ ታንኮቹን ማረኩ። ይህን ታሪክ ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ ጀግናው ከበስተኋላ ታንኩ ላይ ወጥቶ ብረቱን ደበደበ፣ ክዳኑም ሲከፈት በጎራዴው መታ ይላሉ። አንዳንድ ወጣት ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ጎራዴ ታንክ ያሸንፋልን? ይላል። ሌላው ደግሞ ያለ ምንም ጥያቄ አምኖ፣ የኢትዮጵያ ሰው ደረት ብረት ነው ብሎ ይፎክራል።

እንግዲህ ሁለቱም የዚያን ታንክ አምሳያ ይመልከቱ። ኢጣልያኖች ኤል 3 ይሉት የነበረው ይህ ታንክ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17 ሳንቲም ያህል፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ክብደቱም ከ3 ቶን ጥቂት ይበልጣል። ብሮንኮ የተባለው ድርጅት በአንድ ለ35 መጠን አዘጋጅቶታል፤ ተገጣጥሞ ሲያልቅ 9 ሳንቲም ያህል ስለሆነ በመዳፍ ላይ ይቀመጣል። ሠሪው ሲገጣጥመው ሦስት ነገር በእጁ ያገኛል። አንደኛ፣ ታንኩ እንደ አንገት የሚዞር ራስ የለውም፤ መትረየሱ በፊት ለፊቱ ተተክሏል፤ ከጎንና ከኋላ የመጣውን ሊመታ አይችልም። ሁለተኛ፣ በውስጡ የሚገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሚያዩትም በጠባብ ቀዳዳ ነው። ሦስተኛ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት አያልፍም፤ ስለዚህ ሰው በቀላሉ ይወጣበታል። በገደላማ መንገድ ላይ ደግሞ እንደ ልቡ መዞር አይችልም።

ይህን ያየ ወጣት የሳቀውም የፎከረውም እንደተሳሳቱ ያውቃል። የደምበጊናው ሰው ብረት አልነበረም፤ ነገር ግን አስተዋይ ነበረ። ጠላቱ በየት በኩል ዕውር እንደሆነ ተመልክቶ በዚያ በኩል መጣ። ያም ሆኖ ከመትረየስ ፊት ሮጦ ወደ ጎን መድረስ የሞት መንገድ ነው። ስለዚህ አምሳያው ጀግንነቱን አላሳነሰውም፤ እንዲያውም ከፉከራ አውጥቶ የሰው ጀግንነት አደረገው። የተማረኩት ታንኮች ቍጥር ግን በየመጽሐፉ አይስማማም፤ ለዚህ ደግሞ አምሳያው መልስ የለውም፤ መልሱ የሚገኘው መጽሐፍን ከመጽሐፍ በማመሳከር ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥበቡን አመሰገንሁ። አሁን ነቀፋዬን ልጀምር።

ይህን ሥራ የሚወዱ ሰዎች ስለ ብሎኑ ቍጥርና ስለ ቀለሙ መልክ እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይከራከራሉ። የኢጣልያ ታንክ በ1928 ዓ.ም. ምን ዓይነት ቡናማ ነበረ? የትኛው ምልክት ከየትኛው ጦር ጋር ይሄዳል? ይህን በትጋት ይመረምራሉ፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን ብሎኑን በትክክል የቈጠረ ሰው ጦርነቱንም በትክክል ያወቀ ይመስለዋል፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ከደምበጊና ድል ጥቂት ቀን በኋላ በዚያው በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደ፤ ራስ እምሩ ራሳቸው መስክረውታል። ያን አውሮፕላን በትክክል አሳንሶ መሥራት ይቻላል፤ ክንፉ፣ ሞተሩ፣ ምልክቱ ሁሉ ይሠራል። የተቃጠለውን ቆዳ፣ የታወረውን ዓይን፣ ውሃ ፍለጋ ወደ ተመረዘው ወንዝ የወረደውን ገበሬ ግን በየትኛው መጠን ትሠራዋለህ? ስለ ሶር ፏፏቴ ያልሁትን አስታውስ።

የመርዙ ነገር ሌላም ትምህርት አለው። ኢጣልያ መርዝ በጦር ሜዳ እንዳይሠራበት በጄኔቭ በ1917 ዓ.ም. የተደረገውን ውል ከፈረሙት አንዷ ነበረች፤ ሆኖም አደረገችው፤ ካደረገችም በኋላ ለብዙ ዓመታት ካደች። አንጀሎ ዴል ቦካ የተባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ጸሐፊ ሰነድ እየጠቀሰ እውነቱን በጻፈ ጊዜ፣ ከገዛ አገሩ ሰዎች ብዙ ስድብ ደረሰበት። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ታላቁ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበረ፤ እርሱ በወጣትነቱ በዚያ ጦርነት ስለ ዘመተ፣ በቦታው ነበርሁ፣ መርዝ ግን አላየሁም ይል ነበር። በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር መርዙ እንደተጣለ ሲያምን፣ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተናግሮ ዴል ቦካን ይቅርታ ጠየቀ። ወጣት ሆይ፣ ከዚህ ምን እንማራለን? በቦታው የነበረ ሰው ሁሉ ሁሉን ያየ አይደለም። «አላየሁም» ማለትና «አልሆነም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት ስለዚህ ነው፤ ነገር ግን በራሱ አይጠራም፤ የሚመረምርና ስለ መመርመሩ መሰደብን የሚችል ሰው ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ የእኛን የአገር ሥዕል ከዚህ ጥበብ ጋር ላስተያይ። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳየውን ባህላዊ ሥዕል ያላየ የለም። በአንድ ወገን የእኛ ሰዎች ፊታቸው በሙሉ፣ ሁለት ዓይናቸው ታይቶ ይሣላሉ፤ በሌላው ወገን ጠላት በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ይወርዳል። ንጉሡና መኳንንቱ ከሌላው ሰው ገዝፈው ይታያሉ። በዚህ ሥዕል አንድም ነገር በልክ አልተሠራም። ነገር ግን ሠዓሊው ማንንም አላታለለም፤ «እኔ የምነግራችሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ለሕዝቡ ምን ማለት እንደሆነ ነው» ብሎ በግልጥ ይናገራል። ተመልካቹም ይህን ያውቃል። አምሳያው ግን ልክ ስለሆነ ብቻ እውነት ሙሉ በሙሉ በእርሱ ዘንድ ያለ ያስመስላል። ልክ ያልሆነው ሥዕል ትሑት ሲሆን፣ ልክ የሆነው አምሳያ ትዕቢተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻም ወደ ገዛ አገራችን እንምጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ፣ የመንግሥቱ ስም የቀረው በጎሬ ነበረ፤ በዚያም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ነበሩ፤ ራስ እምሩም ወደዚያ መጡ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ጎሬን ያዙ፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ይህን ሁሉ በኩራት እንናገራለን። ነገር ግን በዚያው በ1928 ዓ.ም. የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በጎሬ በነበረው በእንግሊዝ ቆንስል በኩል ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ማመልከቻ እንዳቀረቡ፣ ለጊዜው በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ለመሆን እንደ ጠየቁ ስንቱ ያስተምራል? ያን የጠየቁት ሰዎችም የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው፤ የጠየቁበትም ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቱም ከጦርነቱ በፊት በነበረው አገዛዝ ውስጥ የሚፈለግ ነው። ይህን መናገር አርበኛውን ማዋረድ አይደለም። ታሪክን በአንድ ቀለም የሚቀባ ሰው ግን ጎረቤቱን ከሥዕሉ ያስወጣዋል፤ ከሥዕል የወጣ ጎረቤት ደግሞ ውሎ አድሮ ከልብም ይወጣል።

የሳዮም ጦርነት እንዲሁ ነው። በ1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር በመጋቢት ጋምቤላን ያዘ፤ ከዚያም በቦርታይ ወንዝ ዘንድ ብዙ ከተጋደለ በኋላ፣ ሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ፣ ማለት በደምቢ ዶሎ፣ እጁን ሰጠ። በመጽሐፍ ይህ ድል የቤልጅግ ድል ይባላል። ዳሩ ግን መኰንኖቹ ቤልጅጎች ቢሆኑም፣ ወታደሩና ተሸካሚው የኮንጎ ሰው ነበረ፤ በአገሩ ነጻነት ያልነበረው ሰው የእኛን ነጻነት ለመመለስ በእኛ ደጋ ወደቀ። የኢጣልያንን ጦር ስንቅ ያሳጡት አርበኞችም ነበሩ፤ ከምሥራቅ ጅማን አልፎ የመጣውም የእንግሊዝ ጦር በአብዛኛው የአፍሪቃ ሰው ነበረ። የእስረኛው ቍጥር እንኳ እንደ ቈጣሪው ይለያያል። እንግዲህ አንድ ብልህ ልጅ የሳዮን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ቢሠራ፣ መድፉንና ሰንደቅ ዓላማውን ካቆመ በኋላ የኮንጎውን ተሸካሚ የት ያቆመዋል? እህሉን ሁለት ጦር የበላበትን የሳዮን ገበሬስ?

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከወረቀትም ከጭቃም ሥሩ፤ እጅ ሲሠራ ልብ ያስተውላልና። የሠራችሁትንም የሌላውንም ሥራ ስታዩ አራት ነገር ጠይቁ። ይህን የሠራው ማን ነው? ለማን ነው የሠራው? በዚህ ጠረጴዛ ላይ መቆም ሲገባው የሌለው ማን ነው? ከሆነውስ ነገር ሊያንስ የማይችለው የትኛው ነው? እነዚህን የጠየቀ ሰው መጽሐፍንም ሐውልትንም የሽማግሌ ወሬንም በዚያው ሚዛን ይመዝናል። ጠላቱ ሲዋሽ ብቻ የሚቈጣ ሰው እውነትን አይወድም፤ የሚወደው ወገኑን ነው። የወገኑንም ውሸት ለመመርመር የደፈረ ግን አባቶቹን ከሁሉ ይልቅ ያከበረ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም እነርሱ የሠሩት እውነተኛ ሥራ ሐሰት ሳይጨመርበት የሚበቃ መሆኑን አምኖአል።