«ትሑቱ» መኮንን

ፎቶ ቤት ባልነበረበት ዘመን የጎጃም ወይም የጎንደር መኮንን መልኩን ለልጅ ልጅ ማስቀረት ቢያምረው የት ይሄድ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ነዋ! ያሠራል፣ ያስላል፣ ሲያስል ደግሞ ራሱንም ያስገባል። ቦታው የታወቀ ነው፤ ከእመቤታችን እግር ሥር። አጠገቡም በግዕዝ እገሌ «ተማኅፀነ» ተብሎ ይጻፍለታል።

እኔ ግን ይህ ትሕትና አያሳምነኝም። ሰውዬው ትንሽ ሆኖ መሳሉ እውነት ነው። ካባውን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌይቱ ከድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። የተደፉት ታዲያ ከነጌጠኛ ልብሳቸው ነው። ገላቸው «ባሪያሽ ነኝ» ሲል ልብሳቸው «እቴጌ ነኝ» ይላል።

የዓይንም ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ ባንድ ዓይን። አሠሪው እንግዲህ ሁለት ዓይን ከተሰጠው፣ ገና በቁሙ ከጻድቃን ተቆጠረ ማለት አይደል?

ይህ ደንብ ብር ላይ ሲደርስ ተገለበጠ። አጼ ምኒልክ በፓሪስ ባስቀረጹት የ1887 ዓ.ም. ብር ላይ ዘውድ ደፍተው የሚታዩት በጎን ነው፤ እንደ ፈረንጅ ነገሥታት። ጠገራ ብር ላይ ያለችው ማሪያ ትሬዛም እንዲሁ ናት። ባላገሩ ለረጅም ጊዜ የመረጠው ያንኑ የለመደውን ጠገራ ነበር። የንጉሥ መልክ ብቻውን ገበያ አያስገዛማ!

ለጉንደ ወይን ሰው ጎረቤቱ የሆነችውን መርጡለ ማርያምን ያሠሩት የእቴጌ እሌኒ መልክ አልደረሰንም። ስማቸው ግን ይኸው ከ500 ዓመት በኋላም ይጠራል። የዛሬው ባለጠጋ ደግሞ «በአቶ እገሌና በቤተሰባቸው ወጪ» ብሎ እብነ በረድ ላይ ያስቀርጻል። «ተማኅፀነ» የምትለዋ ቃል እንኳ ቀርታለች።

እንዲህም ሆኖ የድሮ ሥዕል «ደበዘዘ» ተብሎ በአዲስ ቀለም ሲሸፈን ያንገበግበኛል። ማን ራሱን እንዴት ማሳየት ይፈልግ እንደነበር የሚነግረን ያ ግድግዳ ነው። ድንጋዩን የተሸከመው፣ የቀለሙን ዋጋ በግብሩ የከፈለው ገባር አለመሳሉም የሚታወቀው እዚያው ላይ ነው። ግድግዳው ከተለቀለቀ የመኮንኑ ኩራትም፣ የገባሩ መረሳትም አብሮ ይጠፋል።