ስሕተትና ያለ ቦታው የገባ ቃል

በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የኢሜይል መልመጃዎች ሲታረሙ እንደምናየው፣ ቀዩ እስክሪብቶ የወዳጅነትን አነጋገርና እውነተኛውን ስሕተት ሳይለይ ይሰርዛል። ይህን አሠራር እንነቅፋለን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው በመዝጊያው ላይ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብሎ ጻፈ እንበል። ከመነሻው «አይ አም» መቅረቱ የቅርብ ሰዎች አጻጻፍ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ «ሂር» ላይ ነው፤ እዚህ ላይ «ቱ» መስተዋድድ ስለ ሆነ «ሂሪንግ» ሊባል ይገባል። እንደዚሁም «ሹድ ሃቭ» አጥሮ «ሹድቭ» ቢባል ለጓደኛ ያስኬዳል፤ ድምፁን ተከትሎ «ሹድ ኦቭ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ሰዋስው ይፈርሳል።

ነገሩ በአማርኛችንም አለ። ርእሰ መምህሩን «አንተ ና» ያለ ተማሪ ያጎደለው አክብሮትን ነው፤ «እርስዎ ና» ያለው ግን ሰዋስውን አፍርሷል።

ሁለቱ ባንድነት ሲሰረዙ ተማሪው የትኛውን ማረም፣ የትኛውን ለወዳጁ ማቆየት እንዳለበት አያውቅም። ለጓደኛው እንደ ማመልከቻ፣ ለቀጣሪው እንደ ጓደኛ ይጽፋል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ከስሕተቱ ሥር አስምሩ፤ ያለ ቦታው ለገባው ቃል ግን በኅዳጉ ላይ «ለማን ነው የጻፍከው?» ብላችሁ ጠይቁ።