«ትዋይላይት»፤ የደም መጣጩ ፍቅርና የሚከፈልበት ዋጋ

የፍቅር ታሪክ ሁሉ አንድ መሰናክል ያስፈልገዋል። የሚዋደዱትን ሁለት ሰዎች የሚለያያቸው ነገር ከሌለ ሠርግ ይደገሳል እንጂ ታሪክ አይጻፍም። የቀድሞ ደራስያን ይህን መሰናክል ከወላጆች ጠብ፥ ከሀብትና ከድኽነት፥ ከዘር ቈጠራ ያገኙት ነበር። በዛሬይቱ አሜሪካ ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ የወደደችውን ወጣት ይዛ ወደ ቤት ብትገባ የሚቈጣ ወላጅ እየተመናመነ ስለ ሄደ፥ ስቴፈኒ ሜየር የተባለችው ደራሲ መሰናክሉን ከመቃብር ወዲያ ፈልጋ ማምጣት ግድ የሆነባት ይመስላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ አፍቃሪው ወጣት ደም መጣጭ ነው፤ ይኸውም የማያረጅ፥ የማይተኛ፥ የሰው ደም የሚያስጐመጀው ፍጡር ማለት ነው። የልጂቱም ጠረን ከሰው ሁሉ አብልጦ ያስጐመጀዋል። ስለዚህ ባፈቀራት መጠን ሊገድላት ይቃረባል።

ከዚህ መጽሐፍ ሜሊሳ ሮዘንበርግ ለፊልም የሚሆን ድርሰት ጽፋ፥ ካተሪን ሃርድዊክ አዘጋጅታው፥ ፊልሙ በ2008 ዓ.ም. በኅዳር ወር ለሕዝብ ታየ። ወደ 37 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ከ390 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ልጃገረዶች ደጋግመው ሲያዩት ብዙ ሐያስያን ዘበቱበት። ተመልካቹ ልጃገረድ በመሆኗ ብቻ የተዘበተበት ጊዜም አልጠፋም፤ ወንዶች ልጆች በሚወዱት የተኩስ ፊልም ላይ ግን እንዲህ ያለ ዘበት ብዙ አይሰማም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ቤላ ስዋን እናቷ ሌላ ባል ስላገባች፥ ፀሓይ ከማይጠፋባት ከፊኒክስ ከተማ ተነሥታ፥ በዋሽንግተን ግዛት ዝናም በማይለያት በፎርክስ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ ወደሚኖረው አባቷ ወደ ቻርሊ ትመጣለች። በትምህርት ቤትም ኤድዋርድ ከለን ከተባለው ወጣት ጋር ትገናኛለች። ኤድዋርድ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው በ1918ቱ ወረርሽኝ ሊሞት ሲል፥ ካርላይል የተባለ ሐኪም ነክሶ ያስቀረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜው ከአሥራ ሰባት ፈቅ አላለም። ካርላይልና ቤተ ሰቡ የሰው ደም ትተው በአራዊት ደም ይኖራሉ። ሌሎች ሦስት ደም መጣጮች ወደ አገሩ ሲመጡ ግን አንዱ፥ ጄምስ የተባለው፥ ቤላን ሊገድል ያሳድዳታል።

የፊልሙ ብርታት በመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ነው። ሃርድዊክ አስቀድማ በ2003 ዓ.ም. ስለ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ፊልም የሠራች ስለ ሆነች፥ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ልቡ ሲመታ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። በባዮሎጂ ክፍል ውስጥ የነፋስ መስጫው የቤላን ጠረን ወደ ኤድዋርድ ሲወስደው፥ ልጁ ሊያስመልሰው እንደ ቀረበ ሰው አፍንጫውን ይሸፍናል። ቤላ ግን ጠላኝ ብላ ታስባለች። በዚያ ዕድሜ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የወደደንና የጠላን ሰው ፊት አንድ መስሎ የሚታይበት ጊዜ ነው። በሌላው ቀን ሁለቱ ባንድ ማይክሮስኮፕ እየተቀባበሉ የሽንኩርት ሥር ሕዋስ ሲመለከቱ የሚነጋገሩት ስለ አየር ጠባይ ነው፤ ተመልካች ግን ስለ ሌላ ነገር እንደሚነጋገሩ አይጠፋውም። ፊልም አንሺው ኤልየት ዴቪስም ሥዕሉን ሁሉ ሰማያዊና አረንጓዴ በተቀላቀለበት ቀለም ስለ ነከረው፥ ከተማይቱ ፀሓይ መኖሯን የረሳች ትመስላለች። ክሪስተን ስቱዋርት በንግግሯ መካከል መንተባተቧን ብዙዎች እንደ ጉድለት ቈጥረውባታል። በበኩሌ የፊልሙ እውነተኛ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ያፈቀረች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንደ ጠበቃ አትናገርምና።

የመጀመሪያው መሳሳምም እንዲሁ ነው። ኤድዋርድ ሳማት፤ ወዲያውም ራሱን ወደ ኋላ ወርውሮ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨዋወቱ ያድራሉ እንጂ ሌላ ነገር አያደርጉም። መከልከል ከመፈጸም ይልቅ ልብን እንደሚያንጠለጥል ሃርድዊክ በሚገባ አስተውላለች።

ነገር ግን ፊልሙ የኤድዋርድን ምሥጢር ሲገልጥ ኀይሉን ያጣል። ኤድዋርድ ራሱን አውሬ ነኝ ይላል፤ ሰው መግደሉንም ለቤላ ይናዘዛል። ዓይናችን የሚያየው ግን ሌላ ነው። በፀሓይ ሲቆም ገላው እንደ አልማዝ ያብረቀርቃል፤ ቤቱ በጫካ መካከል የተሠራ፥ ግድግዳው ሁሉ መስኮት የሆነ ያማረ ቤት ነው፤ ዘመዶቹ ሁሉ መልከ መልካሞች ናቸው። ይህ እርግማን ነው ቢባል የማይመኘው ማን ነው? ደራሲዋ የደም መጣጭን ሕግ መለወጧ ነውር አይደለም። ብራም ስቶከር በ1897 ዓ.ም. ባወጣው «ድራኩላ» ውስጥ ደም መጣጩ ኀይሉ ቢቀንስም በቀን ይመላለሳል፤ በፀሓይ ብርሃን እንዲጠፋ ያደረገው ሙርናው በ1922 ዓ.ም. ያዘጋጀው «ኖስፌራቱ» የተባለው የጀርመን ፊልም ነው። ሙርናው ግን ፀሓይን ሲያመጣ በደም መጣጩ ላይ ዕዳ ጨመረበት፤ ሃርድዊክ ጌጥ ጨመረችለት።

ዕዳው ለጥቂት ጊዜ ብቅ የሚልበት አንድ ስፍራ አለ። በከለን ቤት ግድግዳ ላይ ብዙ የምርቃት ቆቦች ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ቤተ ሰቡ ዕድሜው ስለማይጨምር ከአገር ወደ አገር እየተዛወረ ያንኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደጋግሞ ይጨርሳልና። ትምህርቱን አንድ ጊዜ ጨርሰን ለተገላገልነው ሰዎች ከዚህ የሚብስ ሲኦል የለም። ዘላለም አሥራ ሰባት ዓመት መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳ ታላቅ ፊልም በነዚያ ቆቦች ውስጥ ነበረ። አዘጋጅዋ ግን እንደ ቀልድ አሳይታን ወደ ሌላ ክፍል ታሳልፈናለች።

በዚያው በ2008 ዓ.ም. ቶማስ አልፍሬድሶን የተባለው የስዊድን አዘጋጅ ያወጣውን ፊልም ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ስሙ ወደኛ ቋንቋ ቢመለስ «ተገቢውን አስገባው» እንደ ማለት ነው። በስቶክሆልም ዳርቻ የሚኖር ኦስካር የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፥ ኤሊ ከምትባል ደም መጣጭ ልጅ ጋር ይወዳጃል። ከኤሊ ጋር አንድ ያረጀ ሰው ይኖራል፤ ለርሷ ደም ለማምጣት ሰው ይገድላል፤ ሊያዝ ሲልም በገዛ ፊቱ ላይ አሲድ ያፈስሳል። ኦስካር ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረን የለም፤ ያን ሰውዬ ማየት ይበቃል። በ«ትዋይላይት» ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጌ ከደም መጣጮቹ ዘንድ አላገኘሁም።

ያገኘሁት በሰዎቹ ዘንድ ነው። የጄምስ ማሳደድ ከጀመረ በኋላ ፊልሙ እንደ ማንኛውም የድብድብ ፊልም ስለ ሆነ የምለው ብዙ የለኝም። አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። ቤላ አባቷን ከአደጋ ለማራቅ በሌሊት ቤቱን ጥላ መውጣት አለባት፤ አባቷም እንዳይከተላት ልቡን መስበር አለባት። ቢሊ በርክ የሚጫወተው ቻርሊ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ልጁ ስትመጣ አሮጌ ፒክ አፕ መኪና ይሰጣታል፤ ጐማው ቢያልቅ ሳትጠይቀው ይለውጥላታል፤ ፍቅሩን በዚህ ይናገራል። እርሷም ሻንጣዋን እየጐተተች፥ እናቷ ከብዙ ዓመት በፊት ትታው ስትሄድ የተናገረችውን ቃል መልሳ በፊቱ ትናገረዋለች። ቻርሊ እስኪነጋ እንኳ እንድትቆይ ለምኖ ነበር፤ ያን ቃል ሲሰማ ግን አፉ ይያዛል። ጥርስ የለበትም፥ ደም የለበትም፤ በፊልሙ ሁሉ እንደዚህ የወጋኝ ቦታ የለም። ፍቅር ያስከፍላል የተባለው ዋጋ እዚህ ላይ ተከፍሏል፤ የከፈለው ግን ምንም የማያውቀው አባት ነው።

በመጨረሻው ቤላ እግሯ ታስሮ ከኤድዋርድ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ የዳንስ ግብዣ ትሄዳለች። በዚያም ነክሶ እንደ ራሱ እንዲያደርጋት ትለምነዋለች፤ እርሱም ወደ አንገቷ ጐንበስ ብሎ ስሞ ብቻ ይተዋታል። ልመናዋ ቢፈጸም ልጁን በቁሟ የሚያጣት ቻርሊ ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ስሙን አያነሡም። እርሱ ግን ያን ማታ ከቤት ሲሸኛት፥ በቦርሳዋ ውስጥ በርበሬ የሚረጭ አዲስ ጣሳ ጨምሮላት ነበር።